የአንገት እብጠት በመርፌ ሲመረመር፦ የሚያሰጋው መርፌው ነው ወይስ ቢላው?

«አንገትሽ ላይ ያለውን ነገር መርፌ እንዳታስነኪው፤ ከተነካ ይበተናል።» እንዲህ ያለው ምክር በቤተዘመድ ወሬ፣ በቲክቶክ አስተያየቶችና በቴሌግራም ግሩፖች ደጋግሞ ይመጣል። አንድ የታወቀ ሰው በካንሰር ታመመ በተባለ ቁጥር ደግሞ ይበረታል። ምክሩን የሰማ ሰው ሐኪሙ «ናሙና ይወሰድ» ሲለው ቀጠሮውን ይተዋል። ወራት ያልፋሉ። በተቃራኒው «ለምን ትነካካላችሁ፣ አንዴ ቆርጣችሁ አውጡልኝ» የሚልም አለ።

ይህን ፍርሃት ባዶ ወሬ ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። በሕክምና ታሪክ ውስጥ መነሻ አለው። ችግሩ የተለጠፈው በተሳሳተው መሣሪያ ላይ መሆኑ ነው። ለአንገት እብጠት ይበልጥ የሚያሰጋው ምንነቱ ሳይታወቅ የሚገባበት ቢላ ነው። ቀጭኑ መርፌ፣ በተለይ በምስል (በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን) እየተመራ ሲገባ፣ ያንን ቢላ ለማስቀረት የመጣ ዘዴ ነው።

አንገት ላይ የሚያብጠው ምንድን ነው?

አንገት ጠባብ ቦታ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ግን ብዙ ነገር ታጭቋል። ንፍፊቶች፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ የምራቅ ዕጢዎች፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች፣ ነርቮች፣ የአየርና የምግብ ቧንቧ። እብጠት ከእነዚህ ከማናቸውም ሊነሳ ይችላል።

በኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የንፍፊት ቲቢ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በአገሪቱ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ሕመማቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንፍፊት ቲቢ ነው። (ብዙ ሰው ይህን ቲቢ ከጥሬ ወተት ጋር ያያይዘዋል። ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን ንፍፊት የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ሲመረመሩ ግን የተገኘው በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ነው። የከብቱ ዓይነት ጥቂት ነው። ወተት ማፍላቱ ለሌላም ስለሚጠቅም አይቅር።)

ሁለተኛው እንቅርት ነው። የአዮዲን እጥረት በደጋው ክፍል ለረጅም ዘመን ከባድ ችግር ሆኖ ቆይቷል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር አለ። ከጉሮሮ፣ ከምላስ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ተነስቶ ወደ አንገት ንፍፊት የሚዛመት ካንሰር አለ። የምራቅ ዕጢ እብጠት አለ። ከልደት ጀምሮ የነበረ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢትም አለ።

እነዚህን በእጅ ዳስሶ ብቻ መለየት አይቻልም። ጠንካራና የማይንቀሳቀስ እብጠት ካንሰርን ያስጠረጥራል፤ ቲቢም እንዲያ ሊሆን ይችላል። ለስላሳና ውሃ የቋጠረው ደግሞ አንዳንዴ ከቶንሲል የተዛመተ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ሕመም አለመኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም። ናሙና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መርፌው የሚያወጣው ምንድን ነው?

በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ሁለት ዓይነት ነው። ውጤት ሲመጣ የሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ካለመለየት ስለሚነሳ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ናሙና በማይክሮስኮፕ በሚመረመርበት በየፓቶሎጂ ክፍሉ «ኤፍ ኤን ኤ» የሚባለው የቀጭን መርፌ ናሙና ነው። የሚገባው መርፌ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለደም ምርመራ ክንድ ላይ ከምንወጋው መርፌ ይቀጥናል። ሐኪሙ መርፌውን እብጠቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። የወጡት ሴሎች መስታወት ላይ ተቀብተው፣ ቀለም ተነክረው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ለታይሮይድ ብዙ ጊዜ በሲሪንጅ መሳብ ሳያስፈልግ መርፌውን ብቻ ማስገባት ይበቃል፤ እንዲያውም ናሙናው በደም እንዳይበከል ይረዳል።

ሁለተኛው «ኮር ባዮፕሲ» ነው። መርፌው ወፈር ያለ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የአካባቢ ማደንዘዣ ይሰጣል። ስፕሪንግ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ሲተኮስ ድምፁ ያስደነግጣል። ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የሚወጣው ነገር እንደ ክር የቀጠነ፣ ርዝመቱ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሥጋ ቁራጭ ነው።

ኤፍ ኤን ኤ የሚያሳየው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። ኮር ባዮፕሲ ደግሞ ሴሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተደራጁ ያሳያል። ከጉሮሮ የተዛመተን ካንሰር ለማወቅ ብዙ ጊዜ ሴሎቹ ይበቃሉ። ለሊምፎማ ግን አይበቁም። ሊምፎማ ብዙ ዓይነት አለው፤ መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ዓይነቱን ለመለየት አደረጃጀቱን ማየትና በቁራጩ ላይ ተጨማሪ የቀለም ምርመራ መሥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሊምፎማ ይመስላል» የሚል የኤፍ ኤን ኤ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ሌላ ናሙና ቢጠይቅ የመጀመሪያው ምርመራ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ለሊምፎማ እስከ ዛሬ ድረስ ተመራጩ ናሙና ሙሉ ንፍፊት ማውጣት ነው፤ ኮር ባዮፕሲ ንፍፊቱን ማውጣት ሲያስቸግር ይተካዋል።

ምስሉ ለምን አስፈለገ?

ምስል የሚፈለገው መርፌው እንዳይስት ብቻ ይመስላል። ከዚያ በላይ ሥራ አለው። መርፌ ጭራሽ መግባት እንደሌለበት የሚነግረንም ምስሉ ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የካሮቲድ እብጠት ነው። ካሮቲድ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ አንዳንዴ እብጠት ይነሳል። በእጅ ሲዳሰስ ተራ ንፍፊት ይመስላል። ውስጡ ግን በደም የተሞላ ነው። እዚያ ውስጥ ወፍራም መርፌ ማስገባት ከባድ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ቢላ ደግሞ የባሰ ነው። የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ወይም በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ምንነቱን ያለ ናሙና ይናገራል። ይህ እብጠት በፔሩና በሜክሲኮ ከፍታ ቦታዎች በሚኖሩ ሰዎች ላይ በርከት ብሎ መታየቱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የእኛ ሐኪሞች ይህን እብጠት ማሰባቸው የግድ ነው።

ምስሉ ሌላም ነገር ይመርጣል። አንድ እብጠት ውስጡ ሁሉ እኩል አይደለም። መሀሉ የሞተ ሥጋ ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። እዚያ የገባ መርፌ ምንም የማይናገር ፈሳሽ ይዞ ይወጣል። በአልትራሳውንድ የሚያይ ሐኪም ግን ሕይወት ያለውን ጠርዝ ይመርጣል። የመርፌው ጫፍ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ወይም መስመር ይታያል። ከደም ቧንቧው በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀም እየታየ ነው የሚገፋው።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ዋጋውም ከሲቲ ያነሰ ነው። ድክመቱ በአጥንትና በአየር ውስጥ አለማየቱ ነው። ከመንጋጋ ጀርባ፣ ከጉሮሮ ጎን ጠልቆ ወይም ከራስ ቅል ሥር ላለ እብጠት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። እዚያ አሠራሩ ይለያል። ሐኪሙ መጀመሪያ ምስሉን አይቶ መንገድ ይቀይሳል፤ ለምሳሌ ከጉንጭ አጥንት በታች ወይም ከመንጋጋ በስተኋላ። መርፌውን ትንሽ ያስገባል፣ እንደገና ምስል ይነሳል፣ ደግሞ ይገፋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው ቀዳዳ ያለው ውጫዊ መርፌ ነው። እሱ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ውስጠኛው መርፌ በዚያው መንገድ እየተመላለሰ ናሙና ያወጣል። ቆዳው የሚወጋው አንዴ ብቻ ነው። ድሮ እንዲህ ላለ ቦታ ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ አንገቱ ይከፈት ነበር።

የታይሮይድ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። በአልትራሳውንድ ከታየ እጅግ ብዙ ጤነኛ ሰው ታይሮይዱ ላይ ትንሽ እብጠት ይገኝበታል። ሁሉንም መውጋት ጥፋት ነው። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መለኪያ ለዚህ ነው የተዘጋጀው። እብጠቱ በመልኩ ነጥብ ይሰጠዋል። በጣም የሚያጠራጥረው ከ1 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ናሙና ይወሰድበታል። መካከለኛው ከ1.5፣ ብዙም የማያጠራጥረው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ። ያለ ልክ መፈለግ የሚያስከትለው በደቡብ ኮሪያ ታይቷል። እዚያ የአልትራሳውንድ ምርመራ በሰፊው ሲሠራ፣ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚ ቁጥር ከ1993 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. 15 እጥፍ ጨመረ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ሳይነኩ ቢተዉ የማይጎዱ ጥቃቅን እብጠቶች ተገኝተው፣ ብዙ ሰው ታይሮይዱ ተቆርጦ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል።

«ይበተናል» የሚለው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የራስና አንገት ቀዶ ሐኪም ሄይስ ማርቲን ከባልደረባው ኤድዋርድ ኤሊስ ጋር በመርፌ ናሙና የመውሰድን ዘዴ ለሕክምናው ዓለም አቀረበ። ይኸው ማርቲን በኋለኞቹ ዓመታት አጥብቆ ያስጠነቀቀው ስለ አንድ ነገር ነበር። የጉሮሮና የአፍ ምርመራ ሳይደረግ የአንገት ንፍፊት እየቆረጡ ስለማውጣት። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ሌሎች ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ማክገርትና ማኬብ፣ ወደ አንገት የተዛመተ ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን አነጻጸሩ። ከዋናው ሕክምና በፊት ንፍፊታቸው በቢላ የተከፈተው ሰዎች ላይ የቁስል ችግር፣ የካንሰሩ መመለስና ወደ ሩቅ መዛመት በርከት ብሎ ተገኘ።

ይህ ግኝት አከራክሯል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች፣ ቆረጣውን ተከትሎ ተገቢው ሕክምና፣ በተለይ ጨረር፣ ቶሎ ከተሰጠ ጉዳቱ ላይታይ እንደሚችል አሳይተዋል። እኔ ግን ለእኛ ሁኔታ የቀድሞው ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ። የጨረር ሕክምና ወረፋ ረጅም በሆነበት አገር «ቶሎ ከተሰጠ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ቀላል አይደለም።

ቀጭኑ መርፌስ? ካንሰር በመርፌው መንገድ ላይ የበቀለባቸው ታካሚዎች በሕክምና መዛግብት አሉ፤ አይካድም። ቁጥራቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ አንድ ከመድረስ በጣም የራቀ። በመርፌ በመነካቱ ብቻ ካንሰር በመላ ሰውነት «ተበተነ» የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። ጥንቃቄ የሚደረግባቸው የሰውነት ክፍሎች ግን አሉ። በዘር ፍሬና በእንቁላል ማምረቻ ላይ ላለ እብጠት ሐኪሞች በአብዛኛው መርፌ ከማስገባት ይቆጠባሉ። ይህ ደንብ ወደ አንገት አይሻገርም። እንዲያውም የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ካንሰር ለሚጠረጠርበት የአዋቂ ሰው የአንገት እብጠት ከቢላ በፊት ቀጭን መርፌ እንዲቀድም ይመክራል።

ታዲያ እምነቱ ለምን አይጠፋም? ብዙ ሰው ወደ ምርመራ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መርፌው ሲገባ ካንሰሩ አስቀድሞ ተዛምቷል። ውጤቱ ይመጣል፣ ሕክምና ይዘገያል፣ ታማሚው ይከፋበታል። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው «ደህና ነበረ፤ መርፌ ከነካው ወዲህ ነው» የሚለውን ነው። ሐዘን ላይ ያለን ሰው በዚህ መውቀስ አይገባም። ቅደም ተከተልን እንደ ምክንያት የመውሰድ ጉዳይ መሆኑን ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ቲቢ ወይስ ካንሰር?

በእኛ አገር ጊዜ በብዛት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አንገቱ ያበጠ ሰው መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ካልጠፋ ሌላ አንቲባዮቲክ። ከዚያ ያለ ናሙና የቲቢ መድኃኒት። ቲቢ በበዛበት አገር ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ልክ ባልሆነበት ጊዜ ግን ሊምፎማ ያለበት ወጣት ወራት ያጣል።

መርፌው ይህን ያሳጥራል። ከንፍፊቱ የወጣው ፈሳሽ በየጤና ተቋሙ «ጂን ኤክስፐርት» በሚባለው መሣሪያ ሊመረመር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያውን ለንፍፊት ናሙናም እንዲውል የመከረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩን፣ ደግሞም ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙን ይናገራል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፎርማሊን በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ የገባ ናሙና ባክቴሪያው ስለሚሞት በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያን በላቦራቶሪ በማሳደግ ምርመራ፣ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ ናሙናው ገና ሲወጣ መከፈል አለበት፤ ለፓቶሎጂ አንድ፣ ለቲቢ ምርመራ አንድ። ይህች ትንሽ ነገር ስትረሳ ታካሚው ድጋሚ ይወጋል።

መግል የቋጠረ የቲቢ ንፍፊትን በቢላ መክፈት ወይም በእሳት መተኮስ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቁስሉ ሳይደርቅ ለወራት ሊያዥ ይችላል። ሐኪሞች ከጤነኛው ቆዳ በኩል በመርፌ መቅዳትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም አንዳንድ ሰው ላይ ንፍፊቱ ጭራሽ ይተልቃል። ይህ ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ለሞተው ባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። መድኃኒቱን ማቋረጥ ስህተት ይሆናል። በመጀመሪያ የተወሰደ አስተማማኝ ናሙና ካለ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት አይደናገጥም፤ ከሌለ ግን «ከመጀመሪያውም ቲቢ ባይሆንስ?» የሚለው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሳል።

ውጤቱ ሲመጣ

የታይሮይድ ውጤት ብዙ ጊዜ «ቤተስዳ» ከሚል ቃልና ከቁጥር ጋር ይመጣል። ስያሜው መለኪያው ከተዘጋጀበት የአሜሪካ ከተማ የመጣ ነው። ስድስት ደረጃ አለው። 1 ማለት ናሙናው አልበቃም። 2 ማለት ክፉ ያልሆነ፤ ይህም ሆኖ ከመቶ 4 ያህሉ በኋላ ካንሰር ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። 6 ማለት ካንሰር፤ እርግጠኛነቱ ከመቶ 97 ያህል ነው። ሰውን የሚያስጨንቁት መካከለኞቹ ናቸው። ደረጃ 4ን እንውሰድ። ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ እብጠት ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው ሴሎቹ ሽፋኑን ወይም የደም ሥርን ጥሰው መውጣታቸው ሲታይ ነው። በቀጭን መርፌ የወጣ ሴል ይህን ሊያሳይ አይችልም። ፓቶሎጂስቱ «አላውቅም» ያለው ከችሎታ ማነስ እንዳልሆነ ታካሚው ሊረዳ ይገባል።

ለማንኛውም የአንገት ናሙና የሚሠራ አንድ ጥያቄ አለ። ውጤቱ ከምስሉና ከሐኪሙ ጥርጣሬ ጋር ይገጥማል ወይ? ምስሉ ክፉ እየመሰለ ናሙናው «ምንም የለም» ካለ፣ መደገም አለበት። «ካንሰር አልታየም» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለተወሰዱት ሴሎች ብቻ ነው።

ሁሉም በምስል ይሁን?

በዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንደኛው ወገን ማንኛውም የአንገት ናሙና በአልትራሳውንድ መመራት አለበት ይላል። የበቂ ናሙና መጠን ይጨምራል፣ ድጋሚ መውጋት ይቀንሳል። ሌላው ወገን በእጅ በደንብ የሚያዝ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ትልቅ ንፍፊት በዚያው ቀን ፓቶሎጂ ክፍል በእጅ ተይዞ ቢወጋ በቂ ነው ይላል። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በኢትዮጵያ ብዙ ሰው አገልግለዋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ለአልትራሳውንድ ቀጠሮ ሳምንታት የሚያስጠብቅ ከሆነ በእጅ ለሚዳሰሰው ንፍፊት ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለታይሮይድ፣ ውሃ ለቋጠረ እብጠት፣ ጠልቆ ላለ፣ ትርታ ለሚሰማበትና የመጀመሪያው ናሙና ላልበቃ ሰው ግን ምስል መዝለል አይገባም።

ለታካሚው የሚቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ በራሱ ግን አያቋርጥ። ለቀጭን መርፌ ብዙ ጊዜ መጾም አያስፈልግም። ከመርፌው በኋላ መጠነኛ ሕመምና ሰማያዊ ምልክት የተለመደ ነው። አንገቱ ቶሎ እያበጠ ከሄደ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ወዲያው መመለስ ያስፈልጋል።

ለተሻለ ሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄዱ ወገኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዙት የውጤት ወረቀቱን ብቻ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ግን ማየት የሚፈልገው ናሙናውን ራሱን ነው። ሴሎቹ የተቀቡባቸውን መስታወቶች (ስላይዶቹን)፣ ኮር ባዮፕሲ ከሆነ ደግሞ ሥጋው በሰም የተቀመጠበትን ብሎክ ከፓቶሎጂ ክፍሉ በፊርማ ጠይቆ መውሰድ ይቻላል። የምስሉን ሲዲም እንዲሁ። ብሎኩ በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ይቆያል፤ አዲስ ጥያቄ ቢነሳ ከዚያው ላይ ሌላ ስስ ቁራጭ ተቆርጦ ይመረመራል፤ አንገቱ እንደገና መወጋት ላያስፈልገው ይችላል።